የነፍሰ ጡር እናት እግር፤ ስለ ደም መልስ ሥሮች ማበጥና ስለ ጥንቃቄው

ከጥቂት ዓመታት በፊት በተበላ ከተማ አንዲት መምህርት ወደ ምርመራ ክፍላችን መጡ። እርግዝናቸው ሰባት ወር ሞልቶት ነበር። ረጅም ቀሚስ ለብሰው፥ ከቀሚሱም በታች ወፍራም ካልሲ አድርገው ነበርና እግራቸውን እንድናይ ስንጠይቃቸው ለጊዜው ዝም አሉ። ኋላ ግን ካልሲውን ዝቅ ቢያደርጉት ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ድረስ ሰማያዊ ሥሮች እንደ ገመድ ተጠማዘው ወጥተው አየን። መምህርቲቱ ሁለት ወር ሙሉ ከእርግዝና ክትትል የቀሩት ይህን ለመደበቅ ኖሯል። በወላይታ «የእግር ዕብጠት» ሲባል ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው አንድ በሽታ አለ፤ እርሳቸውም ያ በሽታ የያዛቸው መስሏቸው፥ ጎረቤት እንዳይሰማ፥ የሚወለደውም ልጅ ወደ ፊት በዘሩ እንዳይነቀፍ ፈርተው ነበር።

በእግራቸው ላይ የታየው ግን ያ በሽታ አልነበረም። በብዙ ነፍሰ ጡሮች ላይ የሚደርስ፥ ሐኪሞች ቫሪኮስ ቬን የሚሉት የደም መልስ ሥሮች ማበጥ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ፍርሃት ምክንያት የደም ግፊታቸው ሳይለካ፥ ደማቸውና ሽንታቸው ሳይመረመር ሁለት ወር አለፈ። ከሥሮቹ ማበጥ ይልቅ ሊጎዳቸው ይችል የነበረው ይህ መደበቅ ነበር። እንግዲህ ይህን ትምህርት ለመምህራንና ማንበብ ለሚችሉ የከተማችን ነዋሪዎች የምናቀርበው፥ በየቤቱ የሚደበቅ እግር እንዳይኖር፥ ቀላሉም ሕመም ከአስጊው ተለይቶ እንዲታወቅ ነው።

1ኛ፤ ደም ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው እንዴት ነው

ልብ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። ደሙ ከልብ ወደ አካል የሚሄደው ደም ቅዳ በሚባሉት ሥሮች ነው፤ ከአካል ወደ ልብ የሚመለሰው ግን ደም መልስ በሚባሉት ነው። መውረድ ቀላል ነው፤ ከእግር ጣት ተነሥቶ እስከ ደረት ድረስ ሽቅብ መውጣት ግን ብርታት ይጠይቃል። ስለዚህ ተፈጥሮ ሁለት ረዳቶች ሰጥታናለች። አንደኛው በደም መልስ ሥሮች ውስጥ በየርቀቱ የሚገኙት ትናንሽ መዝጊያዎች ናቸው፤ እነዚህ ደሙ ወደ ላይ ሲሄድ ይከፈታሉ፥ ወደ ታች ሊመለስ ሲል ይዘጋሉ። ሁለተኛው የባታችን ጡንቻ ነው፤ በምንራመድበት ጊዜ ጡንቻው እየተኮማተረ ሥሩን ይጨምቀዋል፥ ደሙንም ወደ ላይ ይገፋዋል። የባት ጡንቻ «ሁለተኛ ልብ» ተብሎ የሚጠራውም ስለዚህ ነው።

ይህ የታወቀው በቅርብ ጊዜ አይደለም። ፋብሪሲየስ የተባለው የፓዱዋ መምህር የእነዚህን መዝጊያዎች ነገር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1603 ጽፎ አሳተመ፤ ነገር ግን ሥራቸውን በትክክል አልተረዳም ነበር። ደቀ መዝሙሩ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ክንድን በጨርቅ አስሮ ያበጠውን ሥር በጣት እየተጫነ፥ ደም በእነዚህ ሥሮች ወደ ልብ ብቻ እንደሚሄድ አስረዳ። መምህሩ ያየውን ተማሪው ፈታው ማለት ነው።

መዝጊያዎቹ ሲላሉ ወይም ሥሩ ከልክ በላይ ሲለጠጥና መዝጊያዎቹ መገጣጠም ሲያቅታቸው፥ ደሙ ወደ ታች እየተመለሰ ይጠራቀማል። ሥሩም ያብጣል፥ ይረዝማል፥ ይጠማዘዛል፤ በቆዳ ላይም ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። እግር ይከብዳል፥ ያቃጥላል፥ ያሳክካል፤ ሌሊት ባት ይሸመቅቃል፥ ወደ ማታም ቁርጭምጭሚት ያብጣል።

2ኛ፤ በእርግዝና ጊዜ የሚብሰው ስለ ምንድን ነው

ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው፥ ነፍሰ ጡር ሴት ለራሷና ለፅንሱ ስለምትኖር በሰውነቷ ውስጥ ያለው ደም ከቀድሞው በመቶ ከ40 እስከ 50 ያህል ይጨምራል። ሁለተኛው፥ ፕሮጄስትሮን የተባለው የእርግዝና ንጥረ ነገር ማኅፀን ያለ ጊዜው እንዳይኮማተር የሚያላላ ሲሆን፥ የደም መልስ ሥሮችንም ግድግዳ አብሮ ያላላል። ሦስተኛው፥ እያደገ የሚሄደው ማኅፀን ከእግር የሚመጣውን ደም የሚቀበሉትን ታላላቅ ሥሮች በሆድ ውስጥ ይጫናቸዋል። ወንዝ በታች በኩል ሲገደብ ከላይ በኩል እንደሚሞላ ሁሉ፥ የደሙ መንገድ በሆድ ውስጥ ሲጠብ በእግር ያሉት ሥሮች ይሞላሉ። ከዚሁ የተነሣ በአንዳንዶች ዘንድ በብልት አካባቢ ያሉት ሥሮችና በፊንጢጣ የሚወጣው ኪንታሮትም በእርግዝና ይብሳሉ። ይህን ለአዋላጅ ነርስ መንገር አያሳፍርም፤ በብልት አካባቢ ሥር ያበጠባቸው እናቶችም አብዛኞቹ በተፈጥሮ መንገድ በደኅና ይወልዳሉ።

እናቷ ወይም እኅቷ ይህ ሕመም የነበረባት፥ ደጋግማ የወለደች፥ መንታ የያዘች፥ ክብደቷ ከመጠን ያለፈ፥ እንዲሁም ሥራዋ ረጅም ሰዓት መቆምን ወይም ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥን የሚጠይቅ ሴት ከሌላይቱ ይልቅ ለዚህ የተጋለጠች ናት። መምህርት በጥቁር ሰሌዳ ፊት ስትቆም፥ ነጋዴ በገበያ ስትውል፥ ባለቤቲቱ እንሰት ለመፋቅ ለረጅም ጊዜ ስትቀመጥ፥ የባት ጡንቻ ሥራ ይፈታል፤ ደሙም በእግር ይቀራል።

3ኛ፤ የእግርን ዕብጠት ለይቶ ማወቅ

ዕብጠት ሁሉ አንድ አይደለም። በእኛ አገር በተለይ አራቱን መለየት ይገባል።

ሀ) የደም መልስ ሥሮች ማበጥ። ሥሮቹ ተጠማዘው በዓይን ይታያሉ፤ ሲቆሙ ይሞላሉ፥ ተኝተው እግር ሲያነሡ ይጎድላሉ። ዕብጠቱ ወደ ማታ ይብሳል፥ ጧት ይቀላል።

ለ) ፖዶኮኒዮሲስ፤ ይኸውም በወላይታ ብዙ ሰው የሚያውቀው የእግር ዝሆኔ ነው። ስሙን ያወጣለት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአገራችን በዚህ በሽታ ላይ ምርምር ያደረገው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ሲሆን፥ ቃሉ «እግር» እና «ትቢያ» ከሚሉት የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው። ምክንያቱም ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት በባዶ እግር መሄድ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ታትሞ የወጣ ጥናት በወላይታ ከ100 ሰዎች 5 ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለባቸው አስረድቷል። ዕብጠቱ ከእግር መዳፍና ከጣቶች ጀምሮ በብዙ ዓመታት ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቆዳውም ይወፍራል፥ ይሻክራል። በአንድ እርግዝና ውስጥ ድንገት የሚመጣ አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም ከቶ አይተላለፍም። ስለዚህ በሽታው ያለበትን ሰው ማግለል፥ ጋብቻና ማኅበር መከልከል ያለ አንዳች ምክንያት የሚደረግ ግፍ ነው። እግርን ዕለት ዕለት በሳሙና ማጠብና ጫማ ማድረግ በሽታውን ይከላከላል፥ ለያዘውም ሰው ይረዳዋል።

ሐ) በደም ግፊት የሚመጣ የእርግዝና ሕመም። ከ5ኛው ወር በኋላ የደም ግፊት ከፍ ይላል፥ በሽንት ውስጥም ፕሮቲን ሊገኝ ይችላል። እግር ብቻ ሳይሆን ፊትና እጅ ያብጣሉ፤ ብርቱ ራስ ምታት፥ የዓይን መፍዘዝ፥ በላይኛው የሆድ ክፍልም ሕመም ይመጣል። ይህ ካልታከመ የሚያንቀጠቅጥ ሕመም አስከትሎ እናትንም ፅንስንም ይገድላል። አንዳንድ ጊዜ ግፊቱ ሳይለካ ምንም ምልክት አይታይምና፥ ክትትልን መተው አደጋ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መ) በጥልቅ ሥር ውስጥ የደም መርጋት። አንድ እግር ብቻ፥ አብዛኛውን ጊዜ ግራው፥ በድንገት ያብጣል፤ ባት ወይም ጭን ያማል፥ ይሞቃል፥ ይቀላል። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ የሄደ እንደ ሆነ ድንገት ትንፋሽ ያጥራል፥ ደረት ይወጋል፥ ደም የተቀላቀለበት ሳልም ሊኖር ይችላል። ይህ ለሞት የሚያደርስ ነው።

4ኛ፤ በቤትና በሥራ ቦታ የሚደረግ ጥንቃቄ

የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ስለ እርግዝና ክትትል ባወጣው መመሪያ፥ ለእግር ሥሮች ማበጥና ለእግር ዕብጠት መድኃኒት ያልሆኑ ሦስት ዘዴዎችን፥ ማለት እግርን ከፍ ማድረግን፥ የሚጫን ካልሲን፥ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍን፥ እንደ እናቲቱ ፈቃድና እንደ አቅሟ ልትጠቀም እንደምትችል አመልክቷል። ከእነዚህ መካከል የመጀመሪያው ምንም ወጪ የለበትም።

እግርን ከፍ ማድረግ። ነፍሰ ጡሯ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ በግራ ጎኗ ጋደም ብላ፥ ከእግሯ በታች ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ አድርጋ፥ እግሯ ከልቧ ከፍ እንዲል ታድርግ። 15 ደቂቃ፥ ማለት የቡና ቅጠል ተጥዶ እስኪፈላ ያለው ጊዜ ይበቃል። በእርግዝናዋ መጨረሻ ወራት በጀርባ መተኛት ታላቁን ደም መልስ ሥር ስለሚያስጫን፥ ሌሊትም በጎን መተኛት ይሻላል።

መንቀሳቀስ። ረጅም ጊዜ ከመቆምና ከመቀመጥ፥ በየሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ መራመድ ይገባል። መራመድ ካልተቻለም ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይና ወደ ታች 20 ጊዜ ማንቀሳቀስ የባትን ጡንቻ ያሠራዋል። ረጋ ባለ እርምጃ በየቀኑ መሄድ ጥሩ መድኃኒት ነው። ከባድ ጀሪካን ውኃ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይህን ባል ወይም ልጆች ሊያግዙ ይገባል።

የሚጫን ካልሲ። ይህ ካልሲ የተገኘበት ታሪክ ደስ የሚል ነው። በአሜሪካ ይኖር የነበረ ኮንራድ ጆብስት የተባለ መሐንዲስ ራሱ የእግር ሥር ሕመምተኛ ነበር። በመዋኛ ውኃ ውስጥ በቆመ ጊዜ ሕመሙ ቀለል ሲልለት፥ ውኃ ከታች በኩል አብልጦ እንደሚጫን በማስተዋል፥ በ1950 እ.ኤ.አ. ገደማ በቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቆ ወደ ላይ እየላላ የሚሄድ ካልሲ ሠራ። እኛም በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን ነፍሰ ጡሮች ይህን ካልሲ እንደ ማንኛውም ልብስ ሲያደርጉት አይተናል፤ የሚሸማቀቅበት ሰው አልነበረም። በአገራችን በታላላቅ ከተሞች መድኃኒት ቤቶች ሊገኝ ይችላል። ልኩን የጤና ባለሙያ ይወስን፤ ጧት ከአልጋ ሳይነሡ ይለበስ፥ ማታ ይውለቅ። ካልሲው ካልተገኘ የሚለጠጥ ፋሻ ሊያገለግል ይችላል፤ ነገር ግን አስተሳሰሩን አዋላጅ ነርስ ታሳይ። ከጣቶች ሥር ተጀምሮ ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ ከታች ጠበቅ፥ ከላይ ላላ ይላል። ከጉልበት በታች ብቻ በክር ወይም በጠባብ ላስቲክ ማሰር ግን ሥሩን ማነቅ እንጂ መርዳት አይደለም።

ምግብና መጠጥ። የሆድ ድርቀት ማማጥን ያመጣል፤ ማማጥም ሥሮችን ያስጨንቃል። ስለዚህ ጎመን፥ ሽፈራው፥ ቦሎቄ፥ ስኳር ድንች፥ አቮካዶና ሙዝ የመሳሰሉት በገበያችን የሚገኙት ምግቦች ይዘውተሩ። እግር አበጠ ብሎ ውኃ መጠጣትን መቀነስ ስሕተት ነው።

ቆዳና ጫማ። እግር በየማታው በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ይታጠብ፥ በተለይም በጣቶች መካከል በደንብ ይድረቅ፥ ከዚያም ቅባት ይቀባ። ቢያሳክክም በጥፍር አይቧጠጥ። ጫማ ተረከዙ ዝቅተኛ፥ የማያጠብቅ ይሁን።

5ኛ፤ ፈጽሞ የማይደረጉ ነገሮች

ያበጠ ሥር «መጥፎ ደም ያዘ» ተብሎ አይበጣ፥ ዋግምትም አይደረግበት። ሥሩ ብዙ ደም የተጠራቀመበት ስለ ሆነ መድማቱ ብርቱ ነው፤ ቁስሉም ሊመረዝ ይችላል። በድንገት ያበጠና የሚያም እግር በቅቤ አይታሽ፥ ወደ ወጌሻም አይወሰድ፤ በውስጡ የረጋ ደም ካለ ማሸቱ ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሰደው ይችላል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የመሳሰሉት የሕመም ማስታገሻዎች በእርግዝና ጊዜ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱ፤ በተለይ በመጨረሻዎቹ ወራት ፅንሱን ይጎዳሉ። ሥሮቹን በቀዶ ሕክምና ወይም በመርፌ ማድረቅም ከወሊድ በኋላ የሚታሰብ ነገር ነው።

ያበጠ ሥር ተነክቶ ቢደማ አትደናገጡ። ሴቲቱን በጎኗ አስተኙ፤ እግሯን ከፍ አድርጉ፤ በንጹሕ ጨርቅ የሚደማውን ቦታ ሳትለቁ ቢያንስ 10 ደቂቃ ተጫኑ። ከዚያ ፋሻ አድርጋችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዷት። ከላይ በገመድ አትሰሩ።

6ኛ፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች

አንድ እግር ብቻ በድንገት ሲያብጥ ወይም ሲያም፤ ትንፋሽ ሲያጥር ወይም ደረት ሲወጋ፤ ፊትና እጅ ሲያብጥ፥ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዓይን መፍዘዝ ሲመጣ፤ ያበጠው ሥር ሲጠጥር፥ ሲቀላና ሲያቃጥል፤ በእግር ላይ ቁስል ሲወጣ፤ ደም አልቆም ሲል።

በእነዚህ ጊዜ «ነገ ይሻላታል» ማለት አይገባም። የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትጠራ፥ አምቡላንስም ይጠየቅ። የደም መርጋት በጊዜው ከተደረሰበት በእርግዝና ወቅት በመርፌ በሚሰጥ መድኃኒት ይታከማል። ከጤና ጣቢያ አቅም በላይ የሆነውም በሶዶ ወደሚገኘው ሪፈራል ሆስፒታል ይላካል። ከተበላ ሶዶ ሩቅ አይደለም፤ የሚያርቀው መዘግየት ነው።

7ኛ፤ ከወሊድ በኋላ

ማኅፀን ሲያንስና ደሙ ወደ ቀድሞ መጠኑ ሲመለስ፥ ያበጡት ሥሮች አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ እየጎደሉ ይሄዳሉ። ፈጽሞ ካልጠፉና ሕመም ካላቸው ከዚያ በኋላ ሌላ ሕክምና አለ። የደም መርጋት አደጋ ግን በወሊድ አያበቃም፤ ከወሊድ በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት እንዲያውም ይበልጣል። አራስ እናትን መንከባከብ የአገራችን መልካም ልማድ ነው፤ ገንፎውና እረፍቱም ይገባታል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ከአልጋ ሳትወርድ መክረም አይበጃትም። አቅሟ እንደ ፈቀደ በቤትና በጓሮ ትዘዋወር፥ እግሯንም ታንቀሳቅስ።

8ኛ፤ ለመምህራን

ይህን ትምህርት ያለ መሣሪያ በክፍል ውስጥ ማሳየት ይቻላል። ተማሪዎች አንድ እጃቸውን ወደ ታች አንጠልጥለው ለ1 ደቂቃ ይቆዩ፤ በእጃቸው ጀርባ ያሉት ሥሮች ሞልተው ይታያሉ። ቀጥሎ ያንኑ እጅ ከራሳቸው በላይ ያንሡት፤ ሥሮቹ ወዲያው ይጎድላሉ። እንግዲህ «እናታችሁ ማታ እግሯን ከፍ እንድታደርግ ትራስ የምታቀርቡላት ለምንድን ነው?» ተብለው ቢጠየቁ መልሱን ራሳቸው ያገኙታል። ከዚህም በኋላ የሚከተሉት ይጠየቁ፦

1. በደም መልስ ሥር ውስጥ ያሉት መዝጊያዎች ሥራቸው ምንድን ነው?
2. የባት ጡንቻ ሁለተኛ ልብ የተባለው ለምንድን ነው?
3. ፖዶኮኒዮሲስ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋልን? ምክንያቱስ ምንድን ነው?
4. አንድ እግር በድንገት ቢያብጥ የማይታሸው ለምንድን ነው?
5. ነፍሰ ጡር እናት በቤታችሁ ብትኖር ነገ የትኛውን ሥራ ታግዟታላችሁ?

የትምህርት ቤት ዲሬክተሮችንም አንድ ነገር እንለምናለን። በጽሑፋችን መጀመሪያ ያነሣናቸው መምህርት ግፊታቸው ደኅና ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ፋሻ ማሰርንና እግርን ከፍ ማድረግን አስተምረን ሰደድናቸው። አንድ ወረቀትም ጻፍንላቸው፤ ወረቀቱ የሚለው «እኚህ መምህርት ተቀምጠው እንዲያስተምሩ ወንበር ይሰጣቸው» ብቻ ነበር። ዲሬክተሩ በዚያው ቀን ወንበር በሰሌዳው አጠገብ አኖሩላቸው። መምህርቲቱ ከዚያ ወዲያ አንድም ቀጠሮ አላለፉም፤ በጊዜያቸው በደኅና ተገላገሉ። ልጃቸውን ለክትባት ይዘው ሲመጡ ሳንጠይቃቸው ቀሚሳቸውን ጥቂት ከፍ አድርገው እግራቸውን አሳዩን፤ ሥሮቹ በእጅጉ ጎድለው ነበር።

የአንድ ወንበር ዋጋ ጥቂት ነው። ከዚያም የሚረክስ አለ፤ እርሱም «እግሬን አመመኝ» ያለችውን ሴት ሳይሳለቁና ሳይጠረጥሩ መስማት ነው። እያንዳንዱ አንባቢ በቤቱ፥ በጎረቤቱና በሥራ ቦታው ያለችውን ነፍሰ ጡር ዛሬ ይጠይቃት፤ የክትትል ቀጠሮዋም መቼ እንደ ሆነ ያስታውሳት።